የመተንፈሻ አየር ፓምፕ ሲደክም ምን እናድርግ?

የቤተሰብ ጤና ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ምግብና ስለ በሽታ ነው። ይሁንና የቤቱ አባወራ እንጀራውን በሚያገኝበት ሥፍራ ቀን ሙሉ የሚስበው አየርም ትኩረት ያሻዋል። ለዛሬ በየጋራዡ መኪና ቀለም በሚረጩ ወንድሞቻችን ላይ እናተኩራለን።

ሃርድነር ተቀላቅሎባቸው የሚረጩ አብዛኞቹ የመኪና ቀለሞች አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል አላቸው። ይህ ኬሚካል በሥራ ሳቢያ ለሚመጣ አስም ዋነኛ ከሚባሉት መንስኤዎች አንዱ ነው። አስቸጋሪነቱ ጉዳት በሚያደርስ መጠን አየር ውስጥ እያለ እንኳ አፍንጫ ላያሸተው መቻሉ ነው። ሳሉና የደረት መጨናነቁ ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ ማታ ቤት ሊመጣ ስለሚችል “ብርድ ነው” ተብሎ ይታለፋል። አንዴ አለርጂ የሆነበት ሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ እጅግ ጥቂቱም አስሙን ሊቀሰቅስበት ይችላል። ንጹሕ አየር ከውጭ በፓምፕና በቱቦ የሚደርሰው ጭምብል የሚመከረው ለዚህ ነው።

ጺምና ጭምብል

ፊት ላይ ጥብቅ ብሎ የሚገጠም ጭምብል ጺም ባለበት በደንብ አይገጥምም፤ በፀጉሩ መሃል የተበከለ አየር ይገባል። ጺሙን ላሳደገ ሰው የሚስማማው ራሱንና ፊቱን እስከ አንገቱ የሚሸፍን ልቅ ጭምብል ነው። ሆኖም ይህኛው ብዙ አየር ይፈልጋል። በአሜሪካ ደንብ መሠረት ለጥብቁ በደቂቃ ቢያንስ 115 ሊትር፣ ለልቁ ደግሞ 170 ሊትር አየር መድረስ አለበት። ከዚህ ካነሰ የቀለሙ ብናኝ በአንገት በኩል ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ልቅ ጭምብል የሚያደርግ ሰው ፓምፑ ሲደክም ቶሎ ማወቅ አለበት።

አየሩ ሲያንስ

በመጀመሪያ ሥራውን አቁሞ ከመርጫ ክፍሉ መውጣት ይገባል። ጭምብሉ የሚወልቀው ከወጡ በኋላ ነው፤ ብናኙ በዓይን ባይታይም ከረጩ በኋላ አየር ላይ ይቆያልና። ቀጥሎ የፓምፑን ጌጅ እንመልከት። ከወትሮው ከፍ ካለ ብዙውን ጊዜ ቱቦው ተጣጥፏል ወይም ተዘግቷል። ዝቅ ካለ ግን ፊልትሮው ቆሽሿል፣ አየር እየሾለከ ነው ወይም ሞተሩ ደክሟል ማለት ነው።

1. ቱቦው ተጠማዝዞ ወይም የመኪና ጎማ ቆሞበት እንደሆነ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማየት። ከአምራቹ መመሪያ ውጪ ማስረዘም፣ በአንድ ሰው ፓምፕ ሁለት ሰው መጠቀምም አየሩን ያሳንሳል።

2. መጋጠሚያዎቹን የሳሙና አረፋ መቀባት። አረፋው ከተነፋ አየር ይሾልካል።

3. የአየር መሳቢያውን ፊልትሮ አውጥቶ ማየት፤ ከጠቆረ መቀየር።

4. ቀጭንና ረጅም የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ ገመድ የሞተሩን ኃይል ይቀንሳል፣ ያግለዋልም። ወፍራምና አጭር ገመድ መጠቀም።

5. ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻለው፣ በተለይም ጥቁር ብናኝ ካወጣ ወይም ድምፁ ከተለወጠ፣ በውስጡ ያሉት የካርቦን ክንፎች አልቀው ሊሆን ይችላል። የሚቀየሩት በመመሪያው መሠረት ነው። ዘይት አልባ ፓምፕ ላይ “ይለስልስ” ብሎ ዘይት ማንጠባጠብ ፓምፑን ያበላሻል፣ የሚተነፈሰውንም አየር ይበክላል።

ፓምፑን ከመክፈት በፊት ከሶኬት መንቀል ግዴታ ነው። ግሎ ራሱን ያጠፋ ሞተር ሲቀዘቅዝ በራሱ ሊነሳ ይችላል።

አየሩ ሲሸት ወይም ራስ ሲያዞር

ፓምፑ አየር አይሠራም፤ የተቀመጠበትን ሥፍራ አየር ብቻ ያቀብላል። ፊልትሮውም አቧራ ይይዛል እንጂ ጋዝ አያስቀርም። ስለሆነም ፓምፑ ከመርጫ ክፍሉ፣ ከጄኔሬተርና ከሚሠራ መኪና ጭስ ርቆ፣ ንጹሕ አየር ባለበት ጥላ ሥር መቀመጥ አለበት። በከሰል ጭስ ሰው የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሞተር ጭስም ይወጣል፤ ሽታም ሆነ ቀለም የለውም። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከተሰማ ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ወጥቶ ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል።

ቀለም የሚረጨውን የጋራዥ ኮምፕሬሰር ለመተንፈሻ እንዲሁ መቀጠልም አደገኛ ነው። በዘይት የሚሠራ ኮምፕሬሰር ከመጠን በላይ ሲግል የዘይት ጉምና ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊሰጥ ይችላል። ማጣሪያና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ሳይገጠምለት አይተነፈስበትም።

ለእናቶችና እህቶች ደግሞ አንድ ነገር እናስታውስ። ባለቤትሽ ወይም ልጅሽ ማታ ማታ የሚስል፣ በእረፍት ቀኑ ግን የሚሻለው ከሆነ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ሥራው ቀለም መርጨት መሆኑን እንዲናገር አደራ በዪው። ሕመሙ ቶሎ ከታወቀ ሳንባው ሳይጎዳ ሊድን ይችላል።

አላህ ጤናችሁን ይጠብቅላችሁ።