የአርባ ቀን ዕድል ወይስ አካባቢ?

አንድ ልጅ ትምህርት ሲከብደው ወይም ጠባዩ ሲያስቸግር «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» ማለት ይቀናናል። አለፍ ሲልም «የዘሩ ነው» እንላለን። የአንጎል ሳይንስ ግን አካባቢንም እንድንጠይቅ ያስገድደናል። ይህን ለማስረዳት ቃሊቲ ማረሚያ ቤትን የመረጥኩት የታራሚ አካባቢ በአብዛኛው በሌሎች ውሳኔ የሚወሰን በመሆኑ ነው።

እንደሚታወሰው ጋዜጠኛ ሰርካለም ፋሲል ከምርጫ 97 በኋላ ታስራ ሳለች፣ በ1998 ዓ.ም ልጅ ወልዳለች፤ በ1999 ዓ.ም በነፃ ተለቃለች። የእርሷ ጉዳይ በዓለም ተሰማ እንጂ፣ ከታሰሩ እናቶቻቸው ጋር የኖሩ ስማቸው ያልተነሳ ሕፃናትም አሉ።

ለመሆኑ በእነዚያ ወራት በሕፃኑ አንጎል ውስጥ ምን ይከናወናል? ሲወለድ አንጎሉ የአዋቂውን ሩብ ያህል ይመዝናል፤ በአምስት ዓመቱ 90 በመቶ ገደማ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርስ የሚገናኙባቸው መስመሮች ከሚያስፈልገው በላይ ይዘረጋሉ። ከዚያም የተሠራባቸው ይጠነክራሉ፣ ያልተሠራባቸው ይከስማሉ። ይህን የሚወስነው ሕፃኑ የሚያየው፣ የሚሰማውና የሚዳስሰው ነው። ከሁሉም በላይ ሲያለቅስ የሚያነሳው፣ ሲስቅ የሚስቅለት ሰው ያስፈልገዋል።

እ.ኤ.አ. በ2000 በሩማኒያ ዋና ከተማ ቡካሬስት የተጀመረ ጥናት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በማሳደጊያ ተቋማት ከነበሩ 136 ሕፃናት ግማሾቹ በዕጣ ተለይተው ወደ አሳዳጊ ቤተሰቦች ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመው ውጤት፣ ወደ ቤተሰብ የገቡት በአእምሮ ችሎታ ምዘና ተቋም ከቀሩት በልጠው ተገኙ። በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት ይበልጥ ተጠቅመዋል። በተቋሙ አልጋም ምግብም ነበር፤ የጎደለው የእኔ የሚሉት ሰው ነው።

ወደ ቃሊቲ ስንመለስ፣ በ1999 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል ታራሚዎች አያያዝ ደንብ ቁጥር 138 እስከ 18 ወር ያለ ሕፃን ከእናቱ ጋር እንዲቆይ ፈቅዶ ነበር። 18 ወር ግን ልጅ አፉን የሚፈታበት፣ ከእናቱ ጋር ያለው ቁርኝት የጠበቀበት ዕድሜ ነው። የሚቀበለው ቤተሰብ ሳይዘጋጅ በድንገት ቢነጠል ይጎዳል። በአጥር ውስጥ ቢቆይም መንገዱን፣ ገበያውንና የሰፈር እኩዮቹን ያጣል። ኢትዮጵያ ያፀደቀችው የአፍሪካ የሕፃናት ቻርተር በአንቀጽ 30 ለእናቶች ከእስር ውጭ ያለ ቅጣት አስቀድሞ እንዲታሰብ የሚያዘው ያለ ምክንያት አይደለም።

ነገሩ በሕፃንነት አያበቃም። ስሜትን የሚገታውና የሚያመዛዝነው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እስከ 25 ዓመት ገደማ ይበስላል። ስለዚህ ለወጣት ታራሚ ትምህርትና መጽሐፍ ቅንጦት አይደሉም። አዋቂም ቢሆን ከሰው ሲለይ አእምሮው ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2015 የፀደቀው የተባበሩት መንግሥታት የማንዴላ ደንብ፣ ከ15 ተከታታይ ቀናት በላይ ለብቻ ማሰርን የከለከለው ለዚህ ነው። ከታኅሣሥ 2001 እስከ መስከረም 2003 ዓ.ም ቃሊቲ የታሰሩት ወ/ሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ለወራት ለብቻቸው ተነጥለው እንደነበር ይታወሳል።

በእኔ እምነት ዳኛ በአንዲት እናት ላይ የእስር ዘመን ሲቆጥር የልጁንም ዕድሜ አብሮ ሊቆጥር ይገባል። እናቲቱ የእስር ዘመኗን ጨርሳ ትወጣለች፤ የልጁ የመጀመሪያ ሁለት ዓመታት ግን ተመልሰው አይመጡም።