እሳትና ነፋስ በፍሬ ላይ የሚያደርጉት ሥራ

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የሥነ ፍጥረትን ነገር ሲያስተምሩ ግዙፉ ዓለም ከአራቱ ባሕርያት፣ ማለትም ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውሃና ከመሬት መገኘቱን፣ እነዚህም በጠባያቸው የማይስማሙ ሲሆኑ በፈጣሪ ጥበብ ተስማምተው መኖራቸውን ይተርካሉ፤ ዛሬ በብዙ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚታየው ኤር ፍራየር የተባለው መሣሪያም ከአራቱ ሁለቱን፣ እሳትንና ነፋስን፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል አጋጥሞ በሦስተኛው በውሃ ላይ የሚያዘምት ነው ቢባል የሥራው ምሥጢር ተገለጠ ማለት ነው። ብዙ ሰው ድንችና ዶሮ ለመጥበስ ብቻ እንደ ተሠራ አድርጎ ይገምተዋል፤ እኔ ግን የመሣሪያውን ጠባይ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው ፍሬ በገዛ ስኳሩ ቀልቶ ካራሜል ለብሶ የሚወጣበት ሥራ ነው ብዬ ስለማምን፣ ከአንባቢ ጋር የማስተዋውቀው በዚያ በኩል ነው።

ትኩስ አየርን በማራገቢያ እየነዱ ምግብ ማብሰል አስቀድሞ የታወቀ ጥበብ ነበረ። አሜሪካዊው ዊልያም ማክሰን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ አካባቢ በአውሮፕላን ለሚጓዙ ወታደሮች በረዶ ሆኖ የተቀመጠውን ምግብ የሚያሞቅ፣ ማራገቢያ ያለው አነስተኛ ምድጃ አዘጋጅቶ ነበር። ከዚያ ስድሳ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ፍሬድ ፋን ደር ቬይ የተባለ ሆላንዳዊ፣ ድንች በዘይት ሳይዋኝ ላዩ ደርቆ ውስጡ ለስልሶ የሚጠበስበትን መንገድ ሲመረምር ቆይቶ አሁን የምናየውን ዓይነት መሣሪያ አገኘ፤ የፊሊፕስ ኩባንያም ሐሳቡን ተቀብሎ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. በርሊን ላይ በተደረገው የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ዐውደ ርእይ ለዓለም አሳየው። በእኛም አገር የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ኤች ቪ ኤ በተባለው የሆላንድ ኩባንያ አማካይነት መሆኑን ሳስታውስ፣ ስኳሩም መሣሪያውም ከአንድ ሕዝብ ጥበብ መነሣታቸው ያስደንቀኛል።

የመሣሪያው አካል ብዙ አይደለም። ከላይ በኤሌክትሪክ የሚግል ጠምዛዛ ሽቦ፣ ከሽቦው በላይ ብርቱ ማራገቢያ፣ ከታች ደግሞ ወለሉ በቀዳዳ የተሞላ ቅርጫት አለው፤ ማራገቢያው አየሩን በጋለው ሽቦ በኩል አሳልፎ ሲነዳው፣ አየሩ ፍሬውን ከላይም ከጎንም ዳስሶ በቀዳዳዎቹ ያልፍና ከሥር ተመልሶ ወደ ላይ እየወጣ ያለ ዕረፍት ይዞራል። አስተዋይ አንባቢ፣ ተራው ምድጃስ ቢሆን 200 ዲግሪ ይሞቅ የለምን ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። በእርግጥ ይሞቃል፤ ነገር ግን ጸጥ ባለ አየር ውስጥ ከፍሬው የወጣው እንፋሎት እዚያው አጠገቡ ሰፍሮ ሙቀቱን ሲከላከልለት፣ በኤር ፍራየር ውስጥ ነፋሱ ያንን እንፋሎት በየቅጽበቱ ይገፈዋል፤ የታጠበ ልብስ ነፋስ በሚመታው ስፍራ ፈጥኖ እንደሚደርቅ ሁሉ የፍሬውም ገጽ በዚሁ ምክንያት ከውስጡ ቀድሞ ይደርቃል።

ውሃው እስካልተሰደደ ድረስ ካራሜል አይገኝም፤ የነገሩ ሁሉ መሠረት ይህ ነው። ከ100 ግራም አናናስ ውስጥ 86 ግራም ያህሉ፣ ከሙዝም 75 ግራም ያህሉ ውሃ ነው፤ ውሃ ባለበት ስፍራ ደግሞ ሙቀት ከመፍያው ልክ ብዙ አያልፍም፣ ስኳርም በዚያ ልክ መልኩን አይለውጥም። ከሸንኮራ የሚገኘው ሱክሮስ ወደ ካራሜል መለወጥ የሚጀምረው በ160 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ በፍሬ ውስጥ የሚገኘው ፍሩክቶስ ግን ከሁሉ አስቀድሞ በ110 ዲግሪ ገደማ መቅላት ይጀምራል። ስለዚህ ገጹ የደረቀ ፍሬ ያለ ብዙ ልፋት ይቀላል፤ ጥቂት የሎሚ ጭማቂም ቢነካው አሲዱ ሱክሮሱ ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ እንዲከፈል ስለሚረዳ ሥራውን ያፋጥናል። ሙቀቱ ሲበረታ የስኳሩ ረቂቃን አካላት ይበታተኑና እንደ ገና ይጋጠማሉ፤ ከዚህም ዳያሴቲል የተባለው የቅቤ ሽታ ያለው ነገር፣ ከእርሱም ጋር ሌሎች መዓዛዎችና ቡናማው ቀለም ይወለዳሉ። ቅቤ በተቀባ ጊዜ ደግሞ ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ካሚል ማያር እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1912 ያስታወቀው፣ ስኳርና የፕሮቲን ወገኖች በሙቀት ተዋሕደው የሚቀሉበት ሌላ ግብር ይጨመርበታል።

በዚህ ላይ ለደጋው ሰው የሚበጅ አንድ ቃል ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በዚህ በኩል ፍሬው ውሃውን ቶሎ ይለቃል፣ በሌላ በኩል ግን የደጋው አየር ስስ በመሆኑ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ከተሞች ለሚኖሩ ሰዎች የተጻፈውን የደቂቃ ልክ እንደ ሕግ ከመያዝ ይልቅ በዐይንና በአፍንጫ መመርመር ይገባል።

ከፍሬ ሁሉ ለጀማሪ የሚመቸው ሙዝ ነው፤ ከአርባ ምንጭ ወደ ገበያችን የሚመጣው ሙዝ ልጣጩ ቢጫ ሆኖ ጥቂት ቡናማ ነጥብ ሲያወጣ ስታርቹ አብዛኛው ወደ ስኳር ተለውጧልና። አረንጓዴው አብዛኛው ስታርች ስለሆነ ይደርቃል እንጂ በደንብ አይቀላም፤ እጅግ የበሰለውም ቅርጹን አጥቶ ይቀልጣል። ሙዙ በቁመቱ ለሁለት ተከፍሎ፣ የተቆረጠው ገጽ በንጹሕ ጨርቅ ተጠብጥቦ፣ ለጋ ቅቤ በስሱ ተቀብቶ፣ ለእያንዳንዱ ገሚስ አንድ የሻይ ማንኪያ ቡናማ ስኳርና ጥቂት ቀረፋ ይነሰነስበታል። ንጥር ቅቤ ኮረሪማውና በሶብላው የሙዙን መዓዛ ስለሚያሸንፍበት አልመክረውም፤ በጾም ቀን ግን ሽታ የሌለው ዘይት የቅቤውን ስፍራ በደኅና ይሸፍናል። አስቀድሞ በ190 ዲግሪ በሞቀው ቅርጫት ውስጥ ገሚሶቹ ሳይደራረቡ፣ የተቆረጠው ገጽ ወደ ላይ ሆኖ ይደረደራሉ፤ ነፋሱ በመካከላቸው ማለፍ አለበትና።

በ3ኛው ደቂቃ ቢከፈት ስኳሩ ከፍሬው እርጥበት ስቦ ርሶ፣ ውሃ መስሎ ሲያብለጨልጭ ይታያል፤ ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። ጥቂት ቆይቶ በዳር በዳሩ ትልልቅ አረፋ ይነሣል፤ ውሃው እያለቀ ሲሄድ አረፋው እያነሰና እየወፈረ ይሄዳል፣ የተቀቀለ ፍሬ ይሸት የነበረውም ወደ ቅቤና ወደ ቁሌት ሽታ ይዞራል። ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ባለው ጊዜ ዳሩ ጠቆር፣ መካከሉ ወርቃማ ሆኖ ሲታይ ይበቃል፤ ከዚህ በኋላ በመልካሙ ቡናማና በመራራው ጥቁር መካከል ያለው ጊዜ አጭር ስለሆነ ከመሣሪያው ፊት መለየት አይገባም።

አናናስ ውሃው ስለሚበዛ በ200 ዲግሪ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይፈልጋል፤ በመካከሉም ይገለበጣል። ኮክ በገሚሱ፣ የጨንቻ ፖም ደግሞ በስሱ ተቆርጦ በ180 ዲግሪ 10 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ሐብሐብ ውሃው እጅግ ስለሚበዛ በዚህ መሣሪያ ባይደከምበት ይሻላል።

ፍሬው ከመውጣቱ በፊት የሚጠበቅ ነገር አለ፤ ካራሜል ከሚፈላ ውሃ ይልቅ የጋለ ነው፣ በገላ ላይም ስለሚጣበቅ የሚያቆስለው ጽኑ ቁስል ነው፤ ስለዚህ 2 ደቂቃ ሳይበርድ ሕፃናት እንዲቀርቡት መፍቀድ አይገባም። ይሁን እንጂ እጅግም ማዘግየት አይበጅም፤ የደረቀው ሽፋን ከራሱ ከፍሬው እርጥበት እየጠጣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይለሰልሳል። በቅርጫቱ ወለል የመጋገሪያ ወረቀት የሚያነጥፍ ሰው ከነፍሬው እንጂ ባዶውን አስቀድሞ አያስገባው፤ ነፋሱ አንሥቶ ከጋለው ሽቦ ጋር ያገናኘዋልና። በቀዳዳዎቹ ወርዶ የደረቀውን ስኳር በቢላ መፋቅ የቅርጫቱን ቅብ ይልጠዋል፤ ሶኬቱ ተነቅሎ መሣሪያው ከበረደ በኋላ ቅርጫቱ በሙቅ ውሃ ውስጥ ተነክሮ 20 ደቂቃ ቢቀመጥ ካራሜሉ በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ ሁሉም በለስላሳ ስፖንጅ ይለቃል።