ላብን መታጠብ፣ ቆዳን ማድረቅ

ደብተራችሁንና እርሳሳችሁን ያዙ። የዛሬው ትምህርታችን ስለ ቆዳ ነው። ሰው ከሮጠ፣ ኳስ ከተጫወተ ወይም ማሳ ላይ ከዋለ በኋላ ቆዳውን እንዴት እንደሚጠብቅ እንማራለን።

በመጀመሪያ ላብ ምንድን ነው? ሰውነታችን ሲሠራ ይሞቃል። ሙቀቱ ካልወጣ ሰው ይታመማል። ስለዚህ ቆዳችን ውሃ ያወጣል። ውሃው ከቆዳችን ላይ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ላብ የምንለው ይህንን ነው። በአንድ ሰው ቆዳ ውስጥ ከ2 ሚሊዮን እስከ 4 ሚሊዮን የሚደርሱ ላብ የሚያወጡ ዕጢዎች አሉ። ላብ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ጥቂት ጨውም አለበት። ከንፈራችሁን ስትልሱ ጨው ጨው የሚለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ላብ ጠላታችን አይደለም። ወዳጃችን ነው። ነገር ግን ወዳጅም ቢሆን ከልክ በላይ ሲቆይ ያስቸግር የለ? ላብም የሚጎዳው ቆዳ ላይ ሲቆይ ነው።

ላብ ሲቆይ ሦስት ነገር ያመጣል።

አንደኛ፣ መጥፎ ሽታ ያመጣል። ላብ ሲወጣ ብዙም አይሸትም። ቆዳችን ላይ ያሉ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ላቡን ሲያብላሉት ነው የሚሸተው።

ሁለተኛ፣ ቆዳን ይልጣል። እርጥብ ቆዳ ከእርጥብ ልብስ ጋር ሲፋተግ ይቀላል፤ ይቆስላል። ይህ በጭን መሃል፣ በብብትና በብሽሽት ይበዛል።

ሦስተኛ፣ ፈንገስ ያበቅላል። እርጥብ እንጀራ ተሸፍኖ ሲቀመጥ ይሻግታል አይደለም እንዴ? ሻጋታው ፈንገስ ነው። በሰው ቆዳ ላይ የሚኖር ሌላ ዓይነት ፈንገስም አለ። እሱም ሙቀትና እርጥበት ይወዳል። ጭርትና ቋቁቻ የሚመጡት ከፈንገስ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚጠቃው የእግር ጣቶች መሃል ነው። ቆዳው ይነጣል፣ ይላጣል፣ ያሳክካል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። «ትንሽ ስንጥቅ ምን ታመጣለች?» አትበሉ። ስንጥቋ በር ናት። በዚያች በር ጀርም ይገባል። እግር ያብጣል፤ ትኩሳት ይመጣል፤ ሰውም ከሥራ ይቀራል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ቁስሉ ላይሰማው ይችላል። ስለዚህ በየቀኑ እግሩን በዓይኑ ይይ።

ታዲያ ምን እናድርግ? «ውሃው ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ በየቀኑ ገላ መታጠብ ከየት ይገኛል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ። ግን ብዙ ውሃ አያስፈልግም። በጥቂት ጣሳ ውሃ መታጠብ ይቻላል። ተራውን ግን ጠብቁ።

1. በመጀመሪያ ፊትንና አንገትን ታጠቡ።
2. ቀጥሎ ብብትን ታጠቡ።
3. ከዚያ ብሽሽትን ታጠቡ።
4. በመጨረሻ እግርን፣ በተለይም በጣቶች መሃል፣ በሳሙና ታጠቡ።
5. ሳሙናው እንዳይቀር በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። የቀረ ሳሙና ቆዳን ያደርቃል፤ ያሳክካል።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳውን ልንገራችሁ። ከመታጠብ ቀጥሎ ማድረቅ አለ! እግሩን ታጥቦ ሳያደርቅ ጫማ ያደረገ ሰው ፈንገስን ውሃ አጠጣው ማለት ነው። በንጹሕ ጨርቅ የእያንዳንዱን ጣት መሃል አድርቁ። ፎጣ አትዋዋሱ። በላብ የራሰ ልብስና ካልሲ ቶሎ ቀይሩ፤ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጡ። ጫማችሁም ክፍት ሆኖ ይናፈስ። ቆዳችሁ የሚፋተግ ከሆነ ከሩጫ በፊት ጥቂት ቫዝሊን ቀቡበት።

«በላብ ላይ ውሃ ማፍሰስ ምች ያመጣል» የሚሉም አሉ። ምች ተብሎ ከንፈር ላይ የሚወጣው ቁስል ከቫይረስ የሚመጣ ነው። ውሃ አያመጣውም። ሆኖም ከሩጫ በኋላ ጥቂት አረፍ ብሎ፣ ትንፋሽና ላብ በረድ ሲል መታጠብ መልካም ነው። ሰውነት ከሞቀ ላቡ ከታጠቡም በኋላ ይወጣልና።

ጣታችሁ መሃል ማሳከክ ከጀመረ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ፈንገስ የሚገድል ቅባት አለ፤ ክሎትሪማዞል አንዱ ነው። ከጎረቤት የተዋሳችሁትን ቅባት ግን አትቀቡ። አንዳንዱ ቅባት ማሳከኩን ብቻ ያስታግሳል፤ ፈንገሱ ግን ከሥር ይስፋፋል። መድኃኒት የሚሰጣችሁን ባለሙያ «በአማርኛ ጻፍልኝ» በሉት። «በቀን 2 ጊዜ፣ ለ4 ሳምንት» ብሎ ከጻፈላችሁ ራሳችሁ አንብቡት፤ በተባለው ልክ ተቀቡ። ማሳከኩ ስለቆመ ብላችሁ አታቋርጡ፤ ካቋረጣችሁት ይመለሳል። ማንበብ የተማራችሁት ለዚህም ነው!

አሁን ደግሞ በቀይ አፈር አገር ለምትኖሩ አንድ ትልቅ ነገር አለ። በደጋና በወይና ደጋ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት በባዶ እግር የሚሠራ ሰው እግሩ ሊያብጥ ይችላል። ይህ ዝሆኔ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። በጎጃም፣ በወላይታና በሌሎችም አካባቢዎች ይገኛል። የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣት በቆዳ በኩል ይገባል፤ በእግር ውስጥ ያሉትን ፈሳሽ የሚያስተላልፉ ቀጫጭን ቧንቧዎች ይጎዳል። ሁሉም ሰው አይያዝም፤ በዘር የተጋለጡ አሉ። እርግማን ግን አይደለም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ስለዚህ የታመመውን ሰው ከማኅበር፣ ከጋብቻ፣ ከትምህርት ቤት ማግለል በደል ነው።

መከላከያው ምንድን ነው? ጫማ ማድረግና እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ ነው። ያበጠውም ሰው ተስፋ አይቁረጥ። እግሩን በየቀኑ ይጠብ፣ ያድርቅ፣ ቅባት ይቀባ፣ ሲቀመጥ እግሩን ከፍ ያድርግ፣ ካልሲና ጫማ ያድርግ። በምሥራቅ ጎጃም ተጠንቶ በ2010 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንዲህ ያለው እንክብካቤ የሕመሙን መነሣት እንደሚቀንስ አሳይቷል።

«አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አልሮጠም ወይ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ አሸነፈ። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ሲያሸንፍ ግን ጫማ ነበረው፤ ሰዓቱም ከሮሙ የተሻለ ነበር። ደግሞስ በተነጠፈ መንገድ ሁለት ሰዓት ከሩብ መሮጥና ዕድሜ ልክ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር መዋል አንድ ናቸው?

ውድ አድማጮች፣ ትምህርታችንን በአጭሩ እንድገም። ላብ ይውጣ፤ አይቆይ። እንታጠብ፤ እናድርቅ፤ ልብስ እንቀይር፤ ጫማ እናድርግ።

ጥያቄዎች። መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።
1. ላብ ለሰውነታችን ምን ይጠቅማል?
2. ከታጠብን በኋላ የጣቶቻችንን መሃል ለምን እናደርቃለን?
3. በቀይ አፈር አገር ጫማ ለምን ያስፈልጋል?

በሉ እንግዲህ፣ ዛሬ ማታ እግራችሁን ታጥባችሁ፣ ጣቶቻችሁን አንድ በአንድ አድርቃችሁ ተኙ። የልጆቻችሁንም እዩላቸው።