ለድሃ ማበደር ያከስራል ያለው ማን ነው?

በከተማችን «ማኅበራዊ ኃላፊነት» ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን፣ ዓመቱን ሙሉ ሲያተርፍ የከረመ ኩባንያ በበዓል ሰሞን ለአረጋውያን ዘይትና ዱቄት ሲያከፋፍል ነው። ስጦታው አይነቀፍም። እኔ ግን ኅብረተሰብን ማገልገል ከትርፍ ላይ ተቆንጥሮ የሚሰጥ ሳይሆን ትርፉ ራሱ የሚገኝበት መንገድ ሊሆን ይችላል ባይ ነኝ። ማስረጃዬን የማመጣው ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ነው።

ከደሴ ተነስቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም ለሚዘልቅ መንገደኛ አገሩ ገብስ፣ ባቄላና በግ ነው። የአካባቢው ገበሬ ሀብት የለውም አይባልም። ችግሩ ሀብቱ ባንክ በሚፈልገው መልክ አለመገኘቱ ነበር። መሬት አይሸጥም፣ በግና በሬም በዋስትና አይያዝም ነበር። ስለዚህ ለዘርና ለማዳበሪያ ገንዘብ ያጠረው ሰው በሩን የሚያንኳኳው የአራጣ አበዳሪን ነበር።

ይህን ክፍተት ገበያ አድርጎ ያየው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) ነው። በአማራ መልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅት ሥር ተጀምሮ፣ አዋጅ ቁጥር 40/1988 ከወጣ በኋላ በ1989 ዓ.ም. ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ አግኝቶ አክሲዮን ማኅበር ሆነ። አሠራሩ ግልጽ ነው። የሚተዋወቁ ጥቂት ሰዎች ቡድን መሥርተው አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆናል። ባንግላዴሽ ውስጥ ግራሚን ባንክን የመሠረቱትና እ.ኤ.አ. በ2006 ከባንኩ ጋር የኖቤል የሰላም ሽልማት የተጋሩት መሐመድ ዩኑስም የታወቁት በዚህ ዓይነት ብድር ነው። ዕቁብና ዕድር ለለመደ የወሎ ሰው ግን ነገሩ እምብዛም እንግዳ አይደለም።

ይህ ለተቋሙ ለምን ያዋጣል? ታታሪውንና ዋዛኛውን ለይቶ የሚያውቀው ከከተማ የመጣ የብድር ሠራተኛ ሳይሆን ጎረቤት ነው። ደንበኛን የማጣራቱን ሥራ ቡድኑ ስለሚሠራው ወጪው ይቀንሳል።

ሁለተኛው ቁም ነገር የመክፈያ ጊዜ ነው። ለእርሻ የተበደረ ገበሬ በየወሩ ክፈል ቢባል ገብሱ ሳይደርስ በጉን በርካሽ ይሸጣል፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ደንበኛ መሆኑ ይቀራል። አብቁተ ለእርሻ የሚሰጠው ብድር በጊዜው ማብቂያ እንዲከፈል፣ የጉልት ነጋዴዋ ብድር ደግሞ በየጊዜው ጥቂት በጥቂት እንዲመለስ ማድረጉ ከገቢያቸው ጋር የተገጣጠመ ነበር። በየወረዳው ጡረታ መክፈሉም ለጡረተኛው ረጅም መንገድ ሲያስቀር፣ ለተቋሙ የአገልግሎት ገቢ ያመጣል።

የቡድን ዋስትና መዘዝ እንዳለው መካድ አይገባም። በረዶ ሰብሉን ሲመታ ወይም በልግ ሲቀር ተበዳሪውም ዋሱም አብረው ይወድቃሉ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልሉ ያየው ግጭትም መንገድና ገበያ ሲዘጋ ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ዕዳውን ማሸጋገር ደንበኛን ማትረፍ እንጂ ምጽዋት አይደለም።

አብቁተ እ.ኤ.አ. በ2022 ፀደይ ባንክ ሆኗል። ፈተናውም እዚህ ላይ ነው። ለአንድ አስመጪ ብዙ ሚሊዮን ብር ማበደር ለመቶዎች ገበሬዎች ጥቂት በጥቂት ከማበደር ይልቅ ድካሙ ያንሳል። ነገር ግን በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። በአዲስ አበባው ገበያ ካፒታላቸው የገዘፈ ተፎካካሪዎች ሊመጡ ይችላሉ፤ የመካነ ሰላምን ገበሬ ማወቅ ግን በካፒታል ብቻ አይገዛም። ባንኩ ያንን ዕውቀት ከጣለ ከብዙዎቹ ባንኮች አንዱ ከመሆን አያልፍም።

ለማንኛውም ድርጅት ትምህርቱ አንድ ይመስለኛል። አክሲዮን ያላችሁ አንባቢያን በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባዔ ለበጎ አድራጎት ስንት ወጣ ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ደንበኛችን ገንዘብ የሚያገኘው መቼ ነው? እኛስ የምናስከፍለው መቼ ነው? ብላችሁ ጠይቁ።