ሪማስተር፦ የድሮ ዘፈን ከማስተር ክሩ ሲነሳ

ኖፓ ላይም ሆነ መቱ፣ ዩቲዩብ ከፍቶ የድሮ ዘፈን የሚፈልግ ሰው «ሪማስተርድ» የምትል ቃል ሳያይ አይቀርም። በጥላሁን ገሠሠ፣ በብዙነሽ በቀለ፣ በዓለማየሁ እሸቴና በዓሊ ቢራ ዘፈኖች ርዕስ ላይ ትለጠፋለች። አንዳንዱ እውነተኛ ሥራ ነው። ሌላው ግን አንድ ሰው የቤቱን ካሴት ኮምፒውተር ላይ ገልብጦ፣ ባሱን ከፍ አድርጎ የለቀቀው ነው። ልዩነቱ የሚጀምረው ድምጹ ከተነሳበት ክር ነው።

ዘፈን ስቱዲዮ ውስጥ ይቀዳል፣ የመሣሪያዎቹና የድምጻዊው ድምጽ ይመጠናል፣ ከዚያ ያለቀው ሥራ በአንድ ክር ላይ ይሰፍራል። ያ ክር ማስተር ይባላል። ሸክላውም ካሴቱም የሚባዙት ከእሱ ነው። ሪማስተር ማለት ወደዚያ ክር ተመልሶ፣ በተሻለ መሣሪያ አንብቦ፣ የፍጥነቱን ስህተት አርሞ፣ የጎደለውንና የበዛውን ድምጽ አስተካክሎ እንደገና ማውጣት ነው። ሪሚክስ ከዚህ ይለያል፤ እሱ የእያንዳንዱን መሣሪያ ድምጽ ለየብቻ አንስቶ እንደ አዲስ ያዋህዳል። ቢትልሶች በ1966 ያወጡት «ሪቮልቨር» በ2022 ሪሚክስ የተደረገው፣ አንድ ላይ የተቀዱትን ጊታርና ድራም በሚነጣጥል ሶፍትዌር ታግዞ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1960ዎቹና በ70ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ግን ባንዱና ዘፋኙ በአብዛኛው አንድ ላይ ቆመው፣ በአንድ ትንፋሽ ነው የሚቀዱት። ስለዚህ የኛን ዘፈኖች ሪሚክስ ማድረግ ብዙ ጊዜ አይቻልም፤ ያለው ዕድል ሪማስተር ነው።

የኢሉባቦር አድማጭ እነዚህን ዘፈኖች የሰማበት መንገድ ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ለዓመታት የኢትዮጵያ ሬዲዮ ወደ ምዕራቡ የሚደርሰው መቱ በተተከለው የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫ ነበር። በዚህ ሞገድ ላይ ጣቢያዎች የሚራራቁት በ9 ኪሎኸርዝ ብቻ ስለሆነ፣ የሚተላለፈው ድምጽ ከ4 እና 5 ኪሎኸርዝ ብዙም አይዘልም። የሰው ጆሮ እስከ 20 ሊሰማ ይችላል። የዘፋኙ ቃል በደንብ ይደርሳል፤ የሲምባሉ ጥራት፣ የሳክስፎኑ ትንፋሽ ግን መንገድ ላይ ይቀራል።

ካሴቱም ቢሆን የሚገዛው ብዙ ጊዜ ከቅጂ የተቀዳ ቅጂ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ እንደሚቀጥነው ቡና፣ ድምጹ በየቅጂው ይሳሳል፤ በምትኩ ሹክሹክታው ይጨምራል። በዚያ ላይ የማጫወቻው ባትሪ ድንጋይ ሲደክም ክሩ ይዘገያል። ፍጥነቱ በመቶ 6 ያህል ቢቀንስ ዘፈኑ ግማሽ ድምጽ ይወርዳል። ቅኝቱ ባቲም ይሁን ትዝታ አይለወጥም፤ የዘፋኙ ድምጽ ግን ይወፍራል፣ ዕድሜውም የገፋ ይመስላል። ብዙ ሰው ዓመታት የለመደው እንዲህ ያለውን ድምጽ ነው። እውነተኛውን ሪማስተር ሲሰማ «ይሄ እሱ አይደለም» የሚለውም ለዚህ ነው።

ማስተር ክሮቹ ባይተርፉ ይህ ሁሉ ወሬ በሆነ ነበር። ታሪካቸው የሚጀምረው ከአሳታሚዎቹ ነው። ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ አምሃ እሸቴ በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በራሱ ስም አሳትሞ አምሃ ሬከርድስን ጀመረ። እስከ 1975 ከመቶ በላይ ባለሁለት ዘፈን ሸክላዎችን አወጣ። ዓሊ ታንጎ በሚል ስም የሚታወቀው ዓሊ አብደላ ካይፋም በካይፋ ሬከርድስ የማህሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» አሳተመ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1980ዎቹ ይህን ሥራ ሰምቶ አዲስ አበባ ድረስ መጣ፤ «ኧረ መላ መላ» በ1986 ብራስልስ ላይ በክራምድ ዲስክስ በኩል ወጣ። በ1997 ደግሞ ፓሪስ ላይ በቡዳ ሙዚክ «ኢትዮፒክስ» የሚባለው ተከታታይ ተጀመረ፤ በ2017 ቅጹ 30 ደርሷል። የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሙዚቃ ከካሴት ቅጂ ሹክሹክታ ያወጣው ትልቁ ሥራ ይህ ነው ማለት ይቻላል።

ሌሎችም ተከተሉ። ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 ኒውዮርክ ላይ ያወጣው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» በ2017 ስትራት በተባለው አሳታሚ በኩል ከማስተር ክሩ ተነስቶ ወጥቷል። ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1977 የሠራው «ቸበለው» እና ከዳህላክ ባንድ ጋር በ1978 የሠራው «ወደ ሐረር ጉዞ»፣ እሱ ዋሽንግተን ላይ ታክሲ ሲነዳ ከኖረ በኋላ እንደገና ታትመዋል።

ሪማስተር ሁሉ ግን ደግ አይደለም። ሁለት ጥፋቶች ተደጋግመው ይታያሉ። አንደኛው ድምጹን መጨፍለቅ ነው፦ ዝቅ ያለው ከፍ ይደረግና ሁሉም እኩል ይጮኻል። ጥላሁን በለሆሳስ ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚወጣበት ቦታ እንዲህ ሲደረግ፣ የዘፈኑ ስሜት በሙሉ ይጠፋል፤ ይህ ይቅር የሚባል ጥፋት አይደለም። ሁለተኛው የክሩን ሹክሹክታ ለማጥፋት ከመጠን በላይ መፋቅ ነው። ሹክሹክታውና የሲምባሉ ድምጽ የሚገኙት በአንድ አካባቢ ስለሆነ አብረው ይሄዳሉ፤ የቀረው ውኃ ውስጥ የተቀዳ ይመስላል። ትንሽ ሹክሹክታ ያለበት ሪማስተር ብዙ ጊዜ ከጸጥተኛው ይሻላል።

ለኢሉባቦር አድማጭ ጥሩ መነሻ የሚሆነው በ2013 የወጣው 28ኛው የ«ኢትዮፒክስ» ቅጽ ነው። የዓሊ ቢራ የ1970ዎቹ የአፋን ኦሮሞ ዘፈኖች ያሉበት ነው። ከሙዚቃ ቤት በሚሞሪ ካስጫኑት ቅጂ ጋር ለማነጻጸር መጀመሪያ የሁለቱን ድምጽ ከፍታ እኩል ማድረግ ይገባል፤ ጆሮ የሚጮኸውን የተሻለ አድርጎ ይወስዳልና። በማዳመጫ ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ ጆሮን ከዘፋኙ ላይ አንስቶ ባስ ጊታሩን ብቻ መከተል፤ ቀጥሎ ኦርጋኑን። መጨረሻ ላይ ዘፈኑ ሲያልቅ የመጨረሻው ድምጽ ቀስ ብሎ ይሞታል ወይስ እንደ ተቆረጠ ገመድ ያበቃል? በወጉ የተሠራ ሪማስተር ያንን ጅራት አይቆርጥም።

ማስተር ክሩ የጠፋበት ዘፈን ደግሞ የሚነሳው ከተረፈው ካሴት ነው፤ ያ ካሴት በአንድ የጎሬ ወይም የበደሌ ቤት ሳጥን ውስጥ ሊሆን ይችላል። የኢሉባቦር ክረምት ረጅምና እርጥብ ነው፤ እርጥበት ደግሞ ክሩን ያሻግታል፣ ማጣበቂያውንም ያላላል። የሻገተን ክር በማጫወቻ መሞከር ክሩንም ማንበቢያውንም ይጎዳል። ደህና ያለውን በንጹሕ ማጫወቻ አንድ ጊዜ አጫውቶ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ፣ ፋይሉንም ኤምፒ3 ሳይሆን ያልተጨመቀ ዌቭ አድርጎ ማስቀመጥ ይበጃል። ባስ መጨመርም፣ ሹክሹክታ መፋቅም ለጊዜው ይቅር፤ ካሴቱም ከተገለበጠ በኋላ አይጣል።