ራሱ ባስነሣው በረዶ የሚታወር

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 1956 ሲኮርስኪ ኤስ-58 የተባለ የፈረንሳይ ወታደራዊ ሄሊኮፕተር በሞን ብላን ተራራ፣ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለ የበረዶ ሜዳ ዝቅ አለ። ዣን ቪንሳንዶንና ፍራንሷ ኦንሪ የተባሉ ወጣት ተራራ ወጪዎች ለቀናት ብርድ ሲፈጃቸው ሰንብተው እዚያ ወድቀዋል። ሄሊኮፕተሩ መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ሮተሩ የሚገፋው ነፋስ ደቃቁን በረዶ አቡንኖ አነሣው፤ አብራሪው ሰማይና ምድር አንድ ሆነበት። ማሽኑም ተከሰከሰ። አዳኞቹ ራሳቸው አዳኝ ፈላጊ ሆኑ። ጃንዋሪ 3 ቀን ቀላል የተርባይን ሄሊኮፕተሮች፣ አሉዌት 2፣ ደርሰው አወጧቸው። ሁለቱ ወጣቶች ግን በስብርባሪው ሆድ ውስጥ ተጋድመው ቀሩ።

ጭጋግ ቢሆን አብራሪ ከሩቅ አይቶ ይመለሳል። ይህ የበረዶ ብናኝ ግን ሰማይ ጥርት ባለበት ቀን፣ በመጨረሻዎቹ ጥቂት ሜትሮች ይመጣል፤ አምጪውም ራሱ ሄሊኮፕተሩ ነው። ድንጋይ ወይም ጥላ በሌለበት ነጭ ሜዳ ዓይን ርቀት የሚለካበት ያጣል። ማሽኑ ወደ ጎን እየተንሸራተተ አብራሪው ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስለዋል። ያኔ የማሽኑ አንዱ እግር በረዶ ውስጥ ሰምጦ ከተያዘ በሰከንዶች ውስጥ በጎኑ ይገለበጣል።

ከፍታውም አያግዝም። 4,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ በሲሶ ገደማ የሳሳ ነው። ሮተሩ የሚገፋው አየር ሲያጣ ሞተሩም ይደክማል። ስለዚህ አብራሪው ስህተቱን አውቆ ልነሣ ቢል፣ የሚያነሣው ጉልበት ላይተርፈው ይችላል።

የተራራ አብራሪዎች ታዲያ መላ አላጡም። ጉልበት ካላቸው ከፍ ብለው እያንዣበቡ ልሉን በረዶ አስቀድመው ያስጠርጋሉ፤ ከሌላቸው ደግሞ ሳያንዣብቡ፣ ነጩ ደመና ሳይቀድማቸው በቀጥታ ይወርዳሉ። ከሁሉ ቀላሉ ብልሃት (ለሚፈጽመው ሰው ግን ቀላል አይደለም) አንድ ሰው በማረፊያው ፊት ለፊት ማንበርከክ ነው። በረዶው ፊቱን እየገረፈው፣ ሮተሩ ከአናቱ በላይ እያገሳ፣ ንቅንቅ አይልም። አብራሪው ከፍታውንም ሆነ መንሸራተቱን የሚያውቀው በእሱ ስለሆነ ዓይኑን አይነቅልበትም።

ማረፊያው ተዳፋት ከሆነ ማረፍ ብቻውን አይበቃም። ተሳፋሪ የሚወርደው በቁልቁለቱ በኩል ነው፤ በዳገቱ በኩል የሮተሩ ጫፍ ከሰው አናት ጋር ይገናኛል።