ሳይነበብ የሚቆረጥ ጽሑፍ

ሳንሱር የሚባለውን ነገር ቀደም ባለው ዘመን በጋዜጣ ላይ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሹሙ ቀይ እርሳሱን ይዞ ጽሑፉን ከራስጌ እስከ ግርጌ ያነባል፤ ያልወደደውን ይሰርዛል፤ የቀረው ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። መልካም ሥራ ነበር ለማለት አይደለም። ነገር ግን ሹሙ ቢያንስ ያነብ ነበር። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ሳያነቡ ስለሚቆርጡበት ስለ አዲሱ ዘዴ ነው።

ለዚህ የካይሮን ያህል ግልጽ ምሳሌ አላገኘንም። በጥር 17 ቀን 2003 ዓ.ም. የግብፅ ሕዝብ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ይውረዱ ብሎ አደባባይ ወጣ። ብዙዎቹ ወጣቶች የሚጠራሩት በፌስቡክና በትዊተር ነበር። ለጥር 20 አጥቢያ፣ እኩለ ሌሊት እንዳለፈ፣ የአገሪቱ የኢንተርኔት ኩባንያዎች በደቂቃዎች ልዩነት ተከታትለው ጠፉ።

አንባቢ ሽቦ በመጋዝ የተቆረጠ ይመስለው ይሆናል። እንዲህ አይደለም። እያንዳንዱ ኩባንያ በዓለም ላይ ላሉት ጎረቤቶቹ «እነዚህ አድራሻዎች በእኔ ዘንድ ይገኛሉ፤ መልእክት ያለው በዚህ ይላክ» እያለ ዘወትር ያስታውቃል። ይህን ማስታወቂያ ያነሣ እንደ ሆነ፣ ሽቦው በቦታው እያለ፣ ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ አይገኝም። በዚያች ሌሊት 3,500 ያህል እንዲህ ያሉ ማስታወቂያዎች ተነሡ። የሚገርመው ግን በግብፅ ምድር አልፎ ከአውሮፓ ወደ እስያ የሚሄደው መልእክት አልቆመም፤ የሰው አገር ወሬ በደጃቸው ሲያልፍ ሲያድር፣ የራሳቸው ብቻ ተዘጋ።

ቮዳፎን ትእዛዙ ከመንግሥት እንደ መጣና በአገሩ ሕግ መፈጸም ግዴታው እንደ ሆነ አስታወቀ። ኩባንያ ከበዛ መዝጋት ያስቸግራል የሚሉ ሰዎች ይህን ልብ ይበሉ፤ ግብፅ ብዙ ኩባንያ ነበራት። ኑር የተባለው ግን እስከ ጥር 23 ክፍት ሆኖ ቆየ። ከደንበኞቹ አንዱ የአክሲዮን ገበያው ነበር፤ ምክንያቱ ይኸው ይሁን አይሁን አንባቢ ይፍረድ።

መንግሥቱ ተጠቀመ ወይ? አልተጠቀመም። ቤቱ ተቀምጦ ወሬ ይጠብቅ የነበረ ሰው፣ ወሬው ሲቀርበት፣ ልጁንና ወንድሙን ፍለጋ ወጣ፤ ያን ዓርብ አደባባዩ ከቀድሞው ይልቅ ሞላ። ኢንተርኔቱ ጥር 25 ቀን ተመለሰ፤ ሙባረክ የካቲት 4 ቀን ወረዱ። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት የአምስቱን ቀን ኪሣራ 90 ሚሊዮን ዶላር ገመተው። በግንቦት ወር ፍርድ ቤት በሙባረክና በሁለት ባለሥልጣኖቻቸው ላይ 540 ሚሊዮን የግብፅ ፓውንድ ፈረደ፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ፍርዱ በይግባኝ ተሻረ።

ይህ ነገር በጎረቤት ብቻ አልቀረም። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና እንዳይወጣ ተብሎ ፌስቡክና መሰሎቹ በአገራችን ለጥቂት ቀን ታገዱ። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ፣ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ፣ መላው ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ያህል ጠፋ። በትግራይም ከጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ስልኩና ኢንተርኔቱ ተዘጋ፤ በመካከሉ በአንዳንድ ከተማ ስልክ ቢመለስም፣ ለአብዛኛው ሕዝብ እስከ ፕሪቶሪያው ስምምነት ድረስ ሁለት ዓመት ያህል እንደ ጨለመ ቆየ። በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን ተቀምጦ እናቱ በሕይወት መኖሯን ሳያውቅ የከረመ ስንቱ ነው! ያ ሰው ሊናገር የፈለገው «እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ?» የሚለውን ነበር። ይህን የትኛው የሳንሱር ሹም በቀይ እርሳስ ይሰርዘው ነበር?

ወሬ ቤት ሲያቃጥል ዝም ይባል አንልም። በ2012 ዓ.ም. በጥላቻ ንግግር ምክንያት ሰው ለሰው እንዳይነሣ ተብሎ ዐዋጅ ቁጥር 1185 ወጥቷል። ስለ ዐዋጁ ብዙ ክርክር አለ፤ ነገር ግን ተናጋሪውን ለይቶ፣ የተናገረውን ጠቅሶ፣ ዳኛ ፊት ያቀርባል። መዝጋት ግን ማንንም አይለይም። ተሳዳቢውም፣ ነጋዴውም፣ ሐኪሙም፣ የእናቱን ድምፅ የናፈቀውም በአንድነት ዝም ይላሉ።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 29 የቅድሚያ ምርመራን በማንኛውም መልኩ ይከለክላል። በኅዳር 1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ ኢንተርኔት አገራችን ሊገባ ሁለት ዓመት ያህል ይቀረው ነበርና፣ በአርቃቂዎቹ ዓይን የነበረው ቀይ እርሳሱ ሳይሆን አይቀርም። እኛ ግን «በማንኛውም መልኩ» የሚለው ቃል መስመር መዝጋትንም ይይዛል ብለን እናነበዋለን። የሕግ ዐዋቂዎች የሆኑ አንባቢዎቻችን በሌላ መንገድ የሚያነቡት ከሆነ ደብዳቤያቸውን እንጠብቃለን።